የደብሪቱ ግድግዳና አልጮህ ያለው ጥሩምባ

ስሙኝማ። ነገሯ ትንሽ ናት፤ መንገዷ ነው የሚጠመዘዘው።

ደብሪቱ አንድ እንጨት ፈለገች። ማገዶ አይደለም። ምርኩዝም አይደለም፤ ለምርኩዝ ገና ናት። ግድግዳ የሚደግፍ ጠንካራ እንጨትና በወጉ የሚተክለው ሰው። በቃ።

ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነው። አንድ ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። በሩ ላይ ዚፖች ተንጠልጥለዋል፤ አጭር፣ ረጅም፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። የሰፈሩን ጃኬትና ቦርሳ ዚፕ የምትቀይረው እሷ ናት። ክረምት ገባ። ጎርፉ በጓሮ በኩል መጣና የግድግዳውን እግር ላሰው። ግድግዳው እንደ ሰካራም ወደ ውስጥ ዘመም አለ።

አከራይዋ ጋሽ እንግዳወርቅ በጠዋት መጡ። አዩት። ራሳቸውን ያዙ።

«ደብሪቱ፣ ልቀቂልኝ።»

«ወዴት ልሂድ ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ቢወድቅብሽ ገዳይ የሚባለው እኔ ነኝ። በስተርጅና እስር ቤት ልትከቺኝ ነው? ግድግዳው ካልቆመ ዛሬ አላሳድርሽም።»

ከዚህ ክፍል ከወጣች ቀጣዩ ቤቷ የሱቆቹ በረንዳ ነው። ካርቶን፣ ላስቲክ፣ የአላፊ አግዳሚ እግር። ደብሪቱ ታውቀዋለች፤ እዚያ ከሚያድሩት ዚፕ የሚያሠሯት አሉ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

አናጢው ሱልጣን የአውቶቡስ ማዞሪያው ጋ በር ይልጋል።

«ሱልጣን፣ ግድግዳዬን ደግፍልኝ።»

«እትዬ፣ በሞትኩት! እኔ እኮ የማኅበር ሰው ሆኛለሁ። ማኅበሩ ሳይልከኝ የደገፍኩት ቤት ቢወድቅ ጦሱ ለእኔ ነው። ይላኩኝ፤ እየሮጥኩ እመጣለሁ።»

ማኅበሩ ካልላከ አናጢው አልደግፍ አለ፤ አናጢው ካልደገፈ ግድግዳው አልቆም አለ፤ ግድግዳው ካልቆመ አከራዩ አላሳድር አለ።

ወደ ማኅበሩ ሄደች። ሰው ቤት አልባ ከመሆኑ በፊት ልድረስለት የሚል ማኅበር ነው፤ ያዘመመ ይደግፋል፣ የተጣላ ተከራይና አከራይ ያስታርቃል። ኃላፊዋ ብዙአየሁ ወንበር ሳበችላት።

«እማማ፣ እኛ እኮ እንዲህ ላለው ነው የተቋቋምነው!»

«እሰየው። በይ ላኪው።»

«ወረዳው የሥራውን ውል ካልፈረመ መላክ አንችልም። እንጨቱ እንኳ ይኸው ተደርድሮ ይጠብቃል።»

ደብሪቱ በመስኮት አየች። ባሕር ዛፍ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ። ካፊያ ይመታዋል።

ወረዳው ካልፈረመ ማኅበሩ አልልክ አለ፤ ማኅበሩ ካልላከ አናጢው አልደግፍ አለ፤ አናጢው ካልደገፈ ግድግዳው አልቆም አለ፤ ግድግዳው ካልቆመ አከራዩ አላሳድር አለ።

ወረዳ። ደረጃ። ሌላ ደረጃ። የቤቶች ባለሙያው ፍሬሰላም ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ይዞ አዳመጣት።

«እናቴ፣ በጀቱ ተይዟል። ሥራው ለየትኛው ማኅበር ይሰጥ የሚለውን ግን ነዋሪው ተሰብስቦ ይመርጣል፤ ደንብ ነው። ስብሰባ ጠራሁ፤ የመጣው የቢሯችን ጥበቃ ነው። ደግሜ ጠራሁ፤ ጥበቃውም ቀረ።»

ሰፈሩ ካልወጣ ወረዳው አልፈርም አለ፤ ወረዳው ካልፈረመ ማኅበሩ አልልክ አለ፤ ማኅበሩ ካልላከ አናጢው አልደግፍ አለ፤ አናጢው ካልደገፈ ግድግዳው አልቆም አለ፤ ግድግዳው ካልቆመ አከራዩ አላሳድር አለ።

ሰፈሩን በር በበር አንኳኳች። ጎረቤቷ ዘምዘም ሳትከፍት ከውስጥ መለሰች።

«የምን ስብሰባ? ስለ ችግኝ ነው?»

«የቤት ነው።»

«ኤዲያ! ልብስ እያጠብኩ ነው። እኔን ከነሳሙናዬ የሚያስወጣኝ የእድሩ ጥሩምባ ብቻ ነው።»

ቀጣዩም በር እንዲሁ አለ። የቀጣዩም ቀጣይ።

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ጋሽ እጅጉ ደጃፋቸው ላይ ጥሩምባቸውን ይወለውላሉ።

«ጋሼ፣ ይንፉልኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«እንግዲያ ምኑን ልንፋው? ይህ የሞት እንጂ የስብሰባ አይደለም።»

ሰው ካልሞተ ጥሩምባው አልጮህ አለ፤ ጥሩምባው ካልጮኸ ሰፈሩ አልወጣ አለ፤ ሰፈሩ ካልወጣ ወረዳው አልፈርም አለ፤ ወረዳው ካልፈረመ ማኅበሩ አልልክ አለ፤ ማኅበሩ ካልላከ አናጢው አልደግፍ አለ፤ አናጢው ካልደገፈ ግድግዳው አልቆም አለ፤ ግድግዳው ካልቆመ አከራዩ አላሳድር አለ።

ደብሪቱ አጠገባቸው ቁጭ አለች። እግሯ ዝሏል። ከዚህ በኋላ የምታንኳኳው በር የለም።

«ጋሽ እጅጉ፣ እድርተኛ ነኝ አይደለሁም?»

«ነሽ እንጂ።»

«ስሞት ይነፉልኛል?»

«እንዴታ! አሳምሬ ነዋ።»

«በሉ የእኔን አሁን ይንፉልኝ። ግድግዳው ከወደቀብኝ በኋላ ቢነፉ ሰው ለቀብሬ ይወጣል። አሁን ቢነፉ ለቤቴ ይወጣል። ስሞት ዝም ይበሉ፤ አልቀየምም።»

ጋሽ እጅጉ ጥሩምባውን ገለበጡት፣ መልሰው አቀኑት።

«እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አያውቅም።»

«ስለዚህ ያሰሙት።»

ተነሱ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የደብሪቱ!» ብለው ነፉት።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ጫማ ተዟዙሮ። ጎረምሶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመው መጡ፤ ሳይጠይቁ ደብሪቱ ደጅ ይተክሉ ጀመር። ዘምዘም እጇ ላይ አረፋ አለ።

«የማን ነው?»

«የደብሪቱ ነው ሲሉ ሰማሁ!»

«ወይኔ ደብሪቱዬ! አሁን በሬ ላይ ነበረች! ሳልከፍትላት!»

«አሁንስ ትከፍቺልኛለሽ?» አለች ደብሪቱ ከኋላዋ።

ዘምዘም ጮኸች። ከዚያ በአረፋማ እጇ መታቻት። ከዚያ አቀፈቻት።

«ቀልደኛ!» አለ አንዱ ተቆጥቶ። ግን ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ያዘመመው ግድግዳም ፊት ለፊት ነው። ሰው አየው። ተቀመጠ።

ፍሬሰላም ተደውሎለት በባጃጅ መጣ። ድንኳኑን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«እሱስ ያጽናናል፤ አንተ ደግሞ ፈርም» አሉት ጋሽ እጅጉ።

ክርክር ተነሳ። አንዱ፣ በረንዳ ለሚያድሩት ብርድ ልብስ የሚያድለው ማኅበር ይመረጥ አለ። ደብሪቱ ተነሳች።

«ብርድ ልብሱ ደግ ነው። እኔ ግን ብርድ ልብስ አለኝ፤ ቤት ውስጥ ነው ያለው። እዚያው እንዲቆይ ነው የምለምነው።»

ግድግዳ ለሚደግፈው ማኅበር እጅ ወጣ። ከዚያም ከዚህም፣ የብርድ ልብሱ ሰውዬም ጭምር።

ጥሩምባው ጮኸና ሰፈሩ ወጣ፤ ሰፈሩ ወጣና ወረዳው ፈረመ፤ ወረዳው ፈረመና ማኅበሩ ላከ፤ ማኅበሩ ላከና አናጢው ደገፈ፤ አናጢው ደገፈና ግድግዳው ቆመ። ጋሽ እንግዳወርቅ በመዳፋቸው ገፉት። በትከሻቸው ገፉት። እምቢ አላቸው።

«እደሪ» አሉ።

ሲመሽ ዝናቡ መጣ። ደብሪቱ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ የሰው ጃኬት ትሰፋለች። ዘምዘም በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ዕድሜ ይስጥሽ አቦ!»

«ምን ምርጫ አለኝ?» አለች ደብሪቱ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ጥሩምባዬን ጨርሻለሁ።»

ይኸው ወሬዬ። ቀሪው እንቅልፍ ነው።