ጉምዬን ያጠበችው አህያ

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ አምኗት የተጠጋትን ትንሽ እንስሳ በገዛ እጇ ገደለች። ገድላም አልቀረች፤ ለጠየቋት ሁሉ «አገሩ አልተስማማውም» እያለች ክረምቱን ከረመች። ነገሩ ከነኀፍረቱ እንዲህ ነው።

እመት አህዪት ባልም ልጅም አልነበራትም። ዕድሜዋን ሙሉ ጭነት ስትሸከም ኖራ፣ ጉልበቷ ሲደክም ከአራዊት መንደር ዳር ቤት ሠርታ ተቀመጠች። ቤቷ ንጹሕ ነበር። ወለሉን በየሳምንቱ ትለቀልቃለች፣ ደጇን ጧት ማታ ትጠርጋለች። አመድ የሚባል ነገርማ ከምድጃዋ ዳር እንዲታይባት አትፈልግም። ምክንያት ነበራት። በልጅነቷ ከእናቷ ጋር አመድ ላይ ስትንከባለል ያዩ ሁሉ «የአህያ ሥጋ አልጋ ሲሉት አመድ» እያሉ ይስቁባት ነበር። መንደር ገብታ ከጨዋ ከተቆጠረች ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ አመድ አልነካችም። ጀርባዋን ይበላታል፤ ጥርሷን ነክሳ ትችለዋለች።

አንድ ቀን ከባሕር ማዶ የሚመላለሰው ሽመላ በቅርጫት እንግዳ ይዞላት መጣ። እንግዳው ቺንቺላ ይባላል። አይጥ እንዳይሉት ጥንቸል ያህላል፤ ጥንቸል እንዳይሉት ጅራቱ ረጅም ነው፤ ጸጉሩ ደግሞ የማለዳ ጉም ይመስላል። የተወለደው ደረቅና ብርዳም ተራራ ላይ ነው።

«ብቻሽን ከምትቀመጪ ይህን አሳድጊ» አላት ሽመላው።

እመት አህዪት ጉምዬ ብላ ስም አወጣችለት። ጉምዬ ቀን ይተኛል፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይነሣል። የሚበላው ድርቆሽ ነው፤ እሷም የምትበላው ድርቆሽ ነው፤ ከአንድ ነዶ ይመገቡ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ጉምዬ ጆሮውን አቁሞ ጠየቃት።

«እማማ፣ ገላዬን የምታጠበው መቼ ነው?»

«አሁኑኑ ነዋ ልጄ! ቆይ ውሃ ላሙቅልህ።»

«ኧረ ውሃ አይሆንም! እኛ የምንታጠበው በአመድ ነው። ጸጉሬ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ውሃ ከገባበት ቶሎ አይወጣም፣ ያመኛል። እሳት ዳርም አታስቀምጪኝ፤ ሙቀት አልችልም።»

«አመድ? እዚህ ቤት ውስጥ?»

«ትንሽ ብቻ፣ እማማ። በገበቴ።»

እያቅማማች በገበቴ አመድ ሰጠችው። ጉምዬ ዘሎ ገባና ተገላበጠ፣ ተሽከረከረ፣ አቧራውን አቦነነው። ሲወጣ ጸጉሩ አብረቀረቀ። እመት አህዪት ሳታስበው ሳቀች።

«ነዪ አንቺም ተንከባለይ» አላት።

«ወግድልኝ! እኔ ትልቅ ሴት ነኝ።»

ያን ቀን ጀርባዋ ከወትሮው ይበልጥ በላት።

ክረምት ገባ። የመንደሩን ማኅበር የመደገስ ተራ ለእመት አህዪት ደረሳት። አያ አንበሶ ሳይቀሩ ቤቷ ሊመጡ ነው፤ እንዲህ ያለ ክብር አግኝታ አታውቅም። በድግሱ ዕለት ጧት እመት ቀበሮ ላግዝሽ ብላ መጣች። ገና ከመግባቷ ዓይኗ ወለሉ ላይ አረፈ።

«ምነው እመት አህዪት፣ ቤቱ ነጣብኝ?»

«የልጁ ነው። ገላውን በአመድ ነው የሚታጠበው።»

«አሃ፣ የልጁ ነው!» ቀበሮ አፏን በጅራቷ ሸፈነች። «እኔማ ምን እላለሁ? ዐውቅሻለሁ። አያ አንበሶ ግን ገብተው ሲያዩ ‹አመዱ የልጁ ነው ወይስ የእናትዮዋ?› ቢሉ ምን ትመልሽላቸዋለሽ?»

ከዚህ ሌላ ምንም አላለችም። ድስት አማስላ፣ ቀምሳ፣ ደግማ ቀምሳ ሄደች።

እመት አህዪት ጆሮዋ ጋለ። ገበቴውን አንሥታ አመዱን እንዳለ ውጭ ደፋችው። ውሃ አሞቀች፤ ልብስ በምታጥብበት እንዶድ አረፋ አስነሣች። ጉምዬን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰችው።

«እማማ፣ አመዴስ?»

«ዛሬ እንደ ጨዋ ልጅ ትታጠባለህ።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«አንድ ቀን አይገድልህም! እንግዳ ይመጣል፤ በሰው ፊት አታሳጣኝ።»

 ጉምዬ ስለታም ጥርስ ነበረው፤ አልነከሳትም።

ከውሃው ሲወጣ ያ ሁሉ ጸጉር ከገላው ተጣብቆ፣ ሰውነቱ ጭብጥ የማይሞላ ሆነ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ፀሐይ የለም፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ነው። እመት አህዪት ተጨነቀችና በቅርጫት አድርጋ ከምድጃው አጠገብ አኖረችው፤ በጋቢም ሸፈነችው።

«እማማ፣ ይሞቀኛል።»

«ታገሥ፣ እስክትደርቅ ነው።»

ጠላ ስትቀዳ ደግሞ ጠራት። «እማማ።» ሰማችው። ሦስተኛም ጠራት፤ ያንንም ሰማችው፤ ድምፁ ቀጥኖ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ተኛ ብላ ደስ አላት።

እንግዶቹ ገብተው ተቀመጡ። አያ ጅቦ ከሁሉ ቀድሞ ከሥጋው ድስት አጠገብ ቦታ ያዘ። አያ አንበሶ ወለሉን አዩና «ቤትሽ እንዴት ያምራል!» አሉ። እመት አህዪት ቁመቷ ጨመረ።

«እስቲ ያንን ስሙን የሰማነውን ልጅ አሳዪን» አሉ ቀጥለው።

ጋቢውን ገለጠች። ጉምዬ አፉን ከፍቶ፣ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ነካችው፤ አልተነሣም።

«ምን ነካው?» አለች እመት ቀበሮ።

እመት አህዪት ቀና አለች። እውነቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እንግዶቹን አየች፤ የአያ አንበሶን ጎፈር አየች።

«አገሩ» አለች፣ «አገሩ አልተስማማውም።»

ሁሉም ከንፈር መጠጡ። አያ ጅቦ ግን ምራቁን እየዋጠ ወደ ቅርጫቱ ተጠጋ።

«መቼም አንዴ ከሞተ... ስለ ቀብሩ አታስቡ። እኔ አለሁ።»

«አያ ጅቦ!» ብለው አንበሳው አጓሩ።

«እሺ፣ እሺ። ግን ይሄ ልጅ ርሷል። እንዶድ እንዶድ ይሸታል።»



«የትኩሳት ላብ ነው» አለች እመት አህዪት።

«እኔም አልቦኝ ያውቃል፤ እንዶድ ሸትቶኝ አያውቅም።»

እመት ቀበሮ የአያ ጅቦን ጅራት ረገጠች። «ዝም በል፣ ሐዘን ቤት ነው!» ካለች በኋላ ዓይኗ ከአህዪቱ ዓይን ጋር ተገናኘ። ሁለቱም መሬት አዩ።

ክረምቱን ሙሉ ጎረቤት እየተፈራረቀ አጽናናት። «እንደ አንቺ ያለ እናት የት ይገኛል?» ይሏታል። «በንጽሕና ነው የያዝሽው!» ይሏታል። ጭነት ለምዳለች፤ እንዲህ ያለ ጭነት ግን ተሸክማ አታውቅም። ድርቆሽ አልወርድላት አለ።

መስከረም ሲጠባ መንደርተኛው ተሰብስቦ ደጇ መጣ። አያ አንበሶ ከፊት ናቸው፤ ሽመላው ከኋላቸው ቅርጫት ተሸክሟል።

«ተመካክረን ሐዘንሽን የሚያስረሳ አስመጥተንልሻል» አሉ አያ አንበሶ። «ሴት ናት፤ ገና ልጅ ናት።»

ከቅርጫቱ ውስጥ ትንሽ ድምፅ «ደረስን?» አለ።

እመት አህዪት በሩ ላይ ተገትራ ቀረች። ከዚያ ደጃፉን በሰውነቷ ዘጋችው።

«አታውርዷት» አለች። «ያኛውን አገሩ አልገደለውም። እኔ ነኝ። አመዱን ደፍቼ፣ በውሃ አጥቤ፣ እሳት ዳር ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ሦስት ጊዜም ጠርቶኛል፤ ሰምቼዋለሁ። እናንተ እንዳትስቁብኝ ብዬ ነው።»

 አያ ጅቦ «እኔማ እንዶድ ብያችሁ ነበር» አለ፤ ዝም በል ያለው ግን አልነበረም።

«እኔ እጠቢው አላልኩም» አለች እመት ቀበሮ ቀስ ብላ።

«አላልሽም» አለች እመት አህዪት።

ሽመላው አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የኔም ነው። መጀመሪያውኑ ከተራራው ማውረድ አልነበረብኝም። ይህችን ልመልሳት።»

ቅርጫቱን አንሥቶ በረረ። ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ሄዱ፤ የሚሰናበታትም፣ የሚሰድባትም አልተገኘም። እመት አህዪት ሽመላው ከዓይኗ እስኪጠፋ ደጇ ላይ ቆመች።

ከዚህ የምንማረው፣ ወደን ቤታችን ያስገባነውን ፍጡር እንደ ተፈጥሮው እንጂ እንደ ኀፍረታችን ልናኖረው እንደማይገባ ነው።

ያቺን አህያ ግን፣ እባካችሁ፣ ይቅር በሏት።