አልዘጋም ያለው ቧንቧ

እስቲ ጠጋ በሉና ኮምቦልቻ ውስጥ በአንዲት ሴት ግቢ የሆነውን ልንገራችሁ። ወይዘሮ ይመኙሻል ትባላለች። በጓሮዋ የቃሪያና የጎመን ችግኝ አፍልታ ትሸጣለች። ውሃ ወደ ሰፈሩ የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ ያላት ሮቶዋ ውስጥ ያጠራቀመችው ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት የጓሮው ቧንቧ አልዘጋም አለ። ብታጠብቀው ይፈሳል፣ ብታላላው ይፈሳል። ባልዲው ሞላ፣ ጀሪካኑ ሞላ፣ ድስቱ ሞላ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃው መሬት ለመሬት ይሄድ ጀመር። ባሏ በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለውን ሁሉ የሚያበጀው እሱ ነበር። እሷ አንድም ቀን መፍቻ ጨብጣ አታውቅም።

"ይሄ ቧንቧ ብቻ ይዘጋልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግ" አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቧንቧ ሠሪው ወደ ስመኘው ገሰገሰች።

"እትዬ፣ ብመጣ ደስ ባለኝ" አላት ስመኘው። "ግን ቦርሳዬን ይዩት፤ ታቹ ተቀዷል። መፍቻው እዚህ ይወድቃል፣ ፒንሳው እዚያ ይወድቃል። ትናንት ዕቃዬን ከመንገድ ስለቅም ዋልኩ። ቦርሳዬ ካልተሰፋ አልመጣም።"

ቦርሳውን ተቀብላ ገበያ ውስጥ ወዳለው ልብስ ሰፊ ወደ ጋሽ ይማም ሄደች።

"ጋሽ ይማም፣ ይቺን ቦርሳ ይስፉልኝ። ቦርሳው ካልተሰፋ ስመኘው አይመጣም፤ ስመኘው ካልመጣ ቧንቧው አይዘጋም፤ ቧንቧው ካልተዘጋ ችግኜ ውሃ አያገኝም።"

ጋሽ ይማም ወደ ስፌት መኪናቸው አመለከቱ። "ግድግዳው ላይ የሚሰካው ስፒናው ተቃጥሎ ቆሟል። መብራት ሠሪዋ ሰዓዳ መጥታ ካልቀየረችልኝ አልሰፋም።"

ይመኙሻል ወደ ሰዓዳ ቤት ዳገቱን ወጣች።

"ሰዓዳ እህቴ፣ የጋሽ ይማምን ስፒና ቀይሪላቸው። ስፒናው ካልተቀየረ መኪናው አይሠራም፤ መኪናው ካልሠራ ቦርሳው አይሰፋም፤ ቦርሳው ካልተሰፋ ስመኘው አይመጣም፤ ስመኘው ካልመጣ ቧንቧው አይዘጋም፤ ቧንቧው ካልተዘጋ ችግኜ ውሃ አያገኝም።"

"ብስክሌቴ ጎማው ተንፍሷል" አለች ሰዓዳ። "ይህን ሁሉ ሽቦ በትከሻዬ ተሸክሜ ገበያ ድረስ? ጎማው ካልተለጠፈ አልሄድም።"

ይመኙሻል ብስክሌቱን እየገፋች ቁልቁል ወረደች። ጎሚስታው ጋሽ ዓሊ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ገና ከሩቅ ጀመረችላቸው።

"ጋሽ ዓሊ፣ ይህን ጎማ ይለጥፉልኝ! ጎማው ካልተለጠፈ ሰዓዳ አትሄድም፤ ሰዓዳ ካልሄደች ስፒናው አይቀየርም፤ ስፒናው ካልተቀየረ መኪናው አይሠራም፤ መኪናው ካልሠራ ቦርሳው አይሰፋም፤ ቦርሳው ካልተሰፋ ስመኘው አይመጣም፤ ስመኘው ካልመጣ ቧንቧው አይዘጋም፤ ቧንቧው ካልተዘጋ..." ትንፋሽ አጠራት።

ጋሽ ዓሊ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። እስከ ክርናቸው ጀሶ ነው።

"ከደረጃ ወድቄ ነው ልጄ። ሊፈታልኝ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረኛል።"

ይመኙሻል አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ውሃው አሁንም እየፈሰሰ ነው። ችግኞቿ አንገታቸውን ሲደፉ ታያት፤ እንባዋ መጣ።

"እንግዲህ ወዴት ይልኩኛል?"

"የትም። እኔ እጅ አጣሁ እንጂ አፍ አላጣሁ። በኔ አፍ አንቺ ሥሪ።"

"እኔ? ኧረ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ነክቼም አላውቅ!"

"ችግኝ ታዛውሪ የለም እንዴ? ሥሩ ሳይበጠስ የሚነቅል እጅ ጎማ ያቅተዋል?"

እሳቸው ነገሯት፣ እሷ ሠራች። የውስጡን ጎማ ጎትታ አወጣች፤ ነፍታ የገንዳው ውሃ ውስጥ ነከረችው፤ አረፋ ቡልቅ ያለበትን አገኘች። አደረቀች፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ ማስቲሽ ቀባች፣ ለጠፈች። ተላቀቀ!

"ቸኮልሽ" አሉ ጋሽ ዓሊ እየሳቁ። "ማስቲሹ ትንሽ ይድረቅ።"

ሁለተኛው ያዘ። ነፍታ ብትጫነው አልተነፈሰም። ይመኙሻል ማስቲሽ የተለጠፈባቸውን ጣቶቿን እያገላበጠች የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየቻቸው።

ብስክሌቱን እየገፋች ዳገቱን መልሳ አወጣችው፤ ጎማው ስለተለጠፈ ሰዓዳ ብስክሌቷ ላይ ወጥታ በረረች። ጋሽ ይማም ሱቅ ደርሳ ሽቦውን ከግድግዳው ነቀለችና ካቻቢቴዋን ስታወጣ ይመኙሻል ከኋላዋ ደረሰች።

"ቆይ እስቲ፣ እኔ ልሞክረው። አንቺ እያየሽ አርሚኝ።"

የተቃጠለውን ሽቦ ቆረጠች፤ ጫፉን ላጠች፤ ሰዓዳ እንዳሳየቻት አዲሱ ስፒና ውስጥ እያንዳንዱን በቦታው አሰረች። ሰዓዳ ጎትታ ፈተሸችውና ሰካችው። መኪናው ጠርርር አለ! ስፒናው ስለተቀየረ መኪናው ሠራ፤ መኪናው ስለሠራ ቦርሳው ተሰፋ፤ ቦርሳው ስለተሰፋ ስመኘው መጣ።

ስመኘው ጓሮ ገብቶ ቧንቧው ሥር ተንበረከከ።

"መፍቻውን ለኔ" አለችው።

"እትዬ፣ እጅዎ እንዳይቆስል።"

"ከቆሰለ ይድናል። አንተ ንገረኝ።"

"እሺ። መጀመሪያ ሮቶው ጋ ያለውን መዝጊያ ይዝጉ።"

"የቱን መዝጊያ?"

ስመኘው ከሮቶው ኋላ ያለውን ሣር ገለጥ አደረገው። ትንሽ ቀይ እጀታ ብቅ አለች። ይመኙሻል አዞረቻት፤ ውሃው ቀጥ አለ።

"ዘጠኝ ዓመት እዚህ ግቢ ኖሬ!" አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ከዚያ መፍቻውን ወደ ቀኝ ብታዞር አልላላም አለ፤ ወደ ግራ ብታዞር ተፈታ። ውስጡ ያለው ጎሚኒ፣ ውሃውን የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት፣ ተበልቶ ተበልቶ አልቋል። ስመኘው ከቦርሳው ያወጣላትን አዲሱን አስገባች፣ አጠበቀች፣ ቀይዋን እጀታ ከፈተች። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ጠበቁ። አንድ ጠብታ ወደቀች። ሁለተኛ ግን የለም። ቧንቧው ተዘጋ፤ በተረፈው ውሃ ችግኙ እስከ ሐሙስ ጠጣ።

በማግስቱ ይመኙሻል ገበያ ወርዳ አንድ መፍቻና አንድ ካቻቢቴ ገዛች። ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቷ ብርነሽ እግሩ የተወላገደ ወንበር ተሸክማ መጣች።

"እትዬ፣ እርስዎ ያበጃሉ ሲሉ ሰምቼ ነው። ትቼልዎት ልሂድ?"

"የት ትሄጃለሽ?" አለች ይመኙሻል በርጩማ እያቀረበችላት። "ቁጭ በይ። ካቻቢቴውን የምትይዢው አንቺ ነሽ።"