ለትልቅ እንግዳ የተቀመጠው አያ ቆርቆሮ

ተረት ተረት! «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ዛሬ የቡፌ ተረት ነው።

በድሮ ጊዜ፣ ቆርቆሮ ላይ ቀን መጻፍ ገና ሳይታወቅ፣ እትዬ ዘርትሁን የሚባሉ ሴት ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው አንድ ቆርቆሮ አናናስ ይዞላቸው መጣ። እትዬም «ይሄማ ለትልቅ እንግዳ ነው!» ብለው ባለመስተዋቱ ቡፌ ውስጥ ቆለፉበት።

አያ ቆርቆሮ ደስታውን አልቻለውም። የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ በትልቅ እንግዳ ፊት ተከፍቶ «ወይ መጣፈጥ!» መባል። ከጠረጴዛው ላይ በቅል የተቀመጠችውን እመት እርጎን ቁልቁል አያት።

«እመት እርጎ፣ ስንት ቀን ትኖሪያለሽ?»

«ኧረ እኔስ ከነገ ወዲያ የለሁም፤ ቶሎ ጠጡኝ ነው የምለው። አንተስ?»

«እኔማ ሞት አያውቀኝም!»

የእትዬ የንስሐ አባት መጡ። «ተራዬ ደረሰ!» አለ አያ ቆርቆሮ። እትዬ ቡፌውን ከፈቱ፣ አዩት፣ መልሰው ዘጉት። «አባማ ቤተኛ ናቸው።» እመት እርጎ ቀረበች፣ ተጠጣች፣ ተመሰገነች። በቦታዋ ልጇ ተተካች።

እህታቸው ከገጠር መጡ። «አሁንስ ተራዬ ደረሰ!» አለ። እትዬ ከፈቱ፣ አዩት፣ ዘጉት። «ለእህቴ ደግሞ ምን አስጨነቀኝ?» የእርጎ ልጅ ቀረበች፣ ተጠጣች፣ ተመሰገነች። የልጅ ልጇ ተተካች።

ዓመት ሄዶ ዓመት መጣ፤ እርጎም በልጇ እየተተካች ኖረች። የአያ ቆርቆሮ ሆድ ይነፋ ጀመር።

«ውይ አያ ቆርቆሮ፣ አብጠሃል እኮ!» አለች ትንሿ እርጎ ደንግጣ።

«ምን እብጠት ነው፣ ክብር ነው እንጂ! ትልቅ ሰው ቦርጭ ሲያወጣ አላየሽም?»

በመጨረሻ የእትዬን ልጅ ለማጨት ሽማግሌዎች መጡ። «ይኸው ትልቅ እንግዳ!» ብለው እትዬ ቢላዋ ቢያሳርፉበት፣ ፉሽሽሽ! የተበላሸው ጭማቂ የታላቁን ሽማግሌ ነጭ ጋቢ አጠበው። ሽታው ቤቱን ሞላው።

«‹ልጃችንን አንሰጥም› ማለት ነው እንዴ ይሄ?» አሉ ሽማግሌው አፍንጫቸውን ይዘው። እትዬ መግቢያ ጠፋቸው። ደግነቱ ትንሿ እርጎ ቀርባ ነገሩን አበረደችው፤ ልጅቷም ተሰጠች።

አያ ቆርቆሮ ከጓሮ ተወረወረ። ወዲያው ዝንቦች ወረሩትና «ወይ መጣፈጥ!» አሉ።

አያ ቆርቆሮ በራሱ ሳቀ። «እሰይ! ስጠብቃቸው የኖርኩት ትልልቅ እንግዶች መጡልኝ! በሉ ስትጠግቡ ሱቅ ላሉት ወንድሞቼ ንገሩልኝ። የምንሞትበትን ቀን ግንባራችን ላይ ያስጽፉ። እኛ ቦርጭ ነው ብንል እንኳ፣ ባለቤቱ አንብቦ ይደንግጥ።»

ዝንብ መቼም ወሬ አይደብቅም። ወሬው ከጓሮ ሱቅ፣ ከሱቅ ፋብሪካ ደረሰ። ቆርቆሮ ሁሉ ግንባሩ ላይ ቀን የሚጻፍበት ከዚያ ወዲህ ነው።

ለትልቅ እንግዳ ያሉት፣ ለዝንብ አቀረቡት።

እኔም ይህችን ተረት ለተሻለ አድማጭ ብዬ ቆልፌባት ነበር፤ እንዳትነፋብኝ ፈርቼ ነው ለእናንተ ያወጣኋት። በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ። ዳቦው ግን የዛሬ ይሁን።