የትጓደድ መደብ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ እኔ ከአያቴ፣ አያቴም ከአያቱ የሰማውን ልንገራችሁ። የሾላ ሜዳ ገበያ ገና በዋርካ ጥላ ሥር ይውል በነበረበት ዘመን፣ ጓንጉል የሚባል የጭነት ኮርቻ ሠሪ ነበር። የሰፋው ቆዳ ዓይን ይስባል። ያየው ሁሉ «እጅህ ይባረክ» ይለዋል። እሱም ይህን ሰምቶ ደስ ብሎት ይገባል፤ ሞኝ፣ ምስጋና እንጀራ ይመስል!

ሰው በይሉኝታ ፊት ለፊት ያመሰግነዋል፤ ሁለተኛውን ኮርቻ ግን ወንዝ ተሻግሮ ይገዛል። ገበያው ቀዘቀዘ። ጓንጉል የምቀኛ ዓይን ነው እያለ ቆዳውን ይበልጥ ያስጌጥ ጀመር። ልጆቹም ጦማቸውን ማደር ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ ትጓደድ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት በቅሎዋን እየሳበች መጣች። የሰው እህል እየጫነች ነው የምትኖረው፤ ከዚያች በቅሎ ሌላ የላትም። በገበያው መሀል ጓንጉል የሠራውን ኮርቻ ከጀርባዋ አነሳችው። የበቅሎዋ ጀርባ ገጣባ ሆኗል።

«ጓንጉል፣ ስፌትህ ያምራል» አለችው። «ኮርቻህ ግን በቅሎዬን ሊገድልብኝ ነው።»

ጓንጉል አፍሮ ተቆጣ፤ ምላሰኛ ብሎ ሰደባት። ቤቱ ሲገባ የልጆቹን ፊት አየ። በማግስቱ ደጇ ሄዶ እጁን ከቁስሉ አጠገብ አሳረፈ። በቅሎዋ ተንቀጠቀጠች። ጓንጉል አለቀሰ፤ ኮርቻውን ተሸክሞ ሄደ።

ፈትቶ ሠራው። ቁስሉ ሲድን ትጓደድ ጭና ሄዳ ተመለሰች፤ የበቅሎዋን ትከሻ ይፈገፍጋል አለችው። ከፋው፤ ግን ፈታው። እንደገና ሠራው። ጭና ሄዳ ተመለሰች፤ ወገቧን ይጫናል አለችው። ከፋው፤ ግን ፈታው። እንደገና ሠራው። ጭና ሄዳ ተመለሰች፤ ኮርቻውን አንስታ የበቅሎዋን ጀርባ አሳየችው። ጓንጉል እጁን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። በቅሎዋ ዝም ብላ ሣሯን ትግጣለች።

ወሬው ወንዝ ተሻገረ፤ የሸሹት ገዢዎች ተመለሱ። የጓንጉል ልጆችም ጠግበው ማደር ጀመሩ። እጅህ ይባረክ ለሚለው ሁሉ የጓንጉል መልስ አንድ ነበር፤ «እሱን ተወውና የበቅሎህን ጀርባ አሳየኝ።»

ቤቱ ውስጥ ከምድጃው አጠገብ መደብ ሠራ፤ ትጓደድ በመጣች ቁጥር እዚያ አስቀምጦ ያበላት ነበር። ዘመን አለፈ፤ እሷም አረፈች፤ እሱም አረፈ። ዛሬም በሾላ ሜዳ ኮርቻ ሠሪ ሁሉ ቤቱ ውስጥ የትጓደድ መደብ አለው። የተገጠበች በቅሎ ይዞ የመጣ ሰው እዚያ ይቀመጣል፤ ማዕድም በመጀመሪያ ለእሱ ይቀርባል። ሊያመሰግን የመጣ ግን ደጅ ቆሞ ተናግሮ ይሄዳል።