ለታመመ የተነፋው ጡሩምባ

አንድ ባለጸጋ ነጋዴ በአንድ ከተማ ውስጥ መቶ ፈረሰኛ መልእክተኞች ነበሩት። መልእክተኞቹ የማንኛውንም ሰው ቃል ያለ ክፍያ ያደርሱ ነበር። እናት ወንዝ ማዶ ላገባች ልጇ፣ ወንድም ለወንድሙ፣ ገበሬ ለደንበኛው ይልካል። ባለጸጋውም «እናንተ ደስ ካላችሁ ለኔ ይበቃኛል» ይል ነበር። ሕዝቡ መረቀው። በነጻ የመጣ ነገር ማን ይጠላል?

ታዲያ አንድ ቀን እመት ዘነቡ የሚባሉ ባልቴት በሬያቸው ሞተባቸውና ወንዝ ማዶ ላለው ወንድማቸው «በሬዬ ሞቷልና ድረስልኝ» ብለው ላኩ። በማግስቱ ወንድማቸው ሳይደርስ፣ ጎረቤትም ሳይሰማ፣ የባለጸጋው ሰው በሬ እየነዳ ደጃቸው ላይ ቆመ። «በሬ እንደሚያስፈልግዎ ሰማን» አላቸውና ከገበያው አስበልጦ ዋጋ ጠራ። የእርሻ ወቅት ስለነበር አማራጭ አልነበራቸውም፤ ገዙ። ከዚያ በኋላ ሰው እርስ በርሱ ሲጠያየቅ ነገሩ ወጣ። ሠርግ በታሰበበት ቤት ማር ይወደዳል፤ ወንድማማቾች በተጣሉበት ቤት መሬት የሚገዛ ሰው ይመጣል። ለካ መልእክተኞቹ ቃሉን ከማድረሳቸው በፊት በባለጸጋው መዝገብ ያሰፍሩት ኖሯል። ሕዝቡ ተናደደ፤ መላኩን ግን አልተወም። ፈረስ ያለው እሱ ብቻ ነበርና።

በዚህ መካከል ከተማዪቱ የትኩሳት ወረርሽኝ ገባባት። የከተማዪቱ ሐኪም ወደ ንጉሡ ቀርባ «መድኃኒቱ በእጄ ነው። የሚሠራው ግን ትኩሳቱ በጀመረ በሦስት ቀን ውስጥ ከተወሰደ ነው። የታመመው ሰው የት እንዳለ በጊዜ የሚነግረኝ እፈልጋለሁ» አለች።

ባለጸጋው ወዲያው ተነሣ። «ጃንሆይ፣ ፈረሰኞቼ በየደጁ ያልፋሉ። በየቀኑ እየጠየቁ ይመዝግቡ፤ ምንም ክፍያ አልፈልግም» አለ። ከልቡ ይሁን ከመዝገቡ እግዜር ይወቀው፤ ሐሳቡ ግን ጥሩ ሐሳብ ነበር።

ፈረሰኞቹ በየደጁ እየቆሙ «እንዴት አደራችሁ?» ማለት ጀመሩ። እንግዲህ የኛን ሰው ታውቁታላችሁ። እግሩ ተሰብሮ እንኳ «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ይላል። በደህናው ጊዜ ልማድ የነበረው መልስ አሁን መደበቂያ ሆነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ሰው ፈረስ ሲያይ በሩን ገርበብ አድርጎ «ደህና ነን» እያለ መለሰ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት እመት ዘነቡም እንዲሁ አሉ። ልጃቸው ስንዱ ግን ከጎታው ጀርባ ተኝታ በትኩሳት ትቃጠል ነበር።

በዚያው ቀን ባለጸጋው መዝገቡን ለንጉሡ አቀረበ። ንጉሡ ገጹን ገለጡት፤ ደህና፣ ደህና፣ ደህና ይላል። ፊታቸው መፍካት ሲጀምር ከታች ሰፈር የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ለዚያ ቀን አምስተኛው ነበር። ንጉሡ መዝገቡን ዘግተው ጡሩምባ ነፊውን አስጠሩ።

ጋሽ ይርዳው የእድሩን ጡሩምባ አርባ ዓመት የነፉ ሰው ናቸው። ሰው ሲሞት በየመንደሩ እየዞሩ ያረዳሉ፤ ድንኳን ይተክላሉ፤ ከሟች ቤት ጓዳ ገብተው የጎደለውን ያያሉ።

«መዝገቡ ሁሉ ደህና ነው ይላል፤ አንተ ደግሞ ስትነፋ ትውላለህ። ማን ነው የሚዋሸኝ?» አሉ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ መዝገቡ የተነገረውን ጽፏል፤ እኔም የሞተውን ነፍቻለሁ» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«እንግዲያው ወታደር ልኬ በሩን ላስከፍት?»

«በሩ ይከፈት ይሆናል፤ አፍ ግን በወታደር አይከፈትም። ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

ባለጸጋው ፈገግ አለ። «እኔ መቶ ፈረስ አለኝ። እርስዎ ምን አለዎት?»

«እኔ የብዙ ሰው ጓዳ አይቻለሁ። ሬሳ የሚሸፈንበት ነጠላ የጠፋበት ቤት አውቃለሁ፤ ለቀስተኛ የሚቀምሰው የታጣበት ቤት አውቃለሁ። የማን ቤት እንደሆነ ግን ባለቤቴ እንኳ አታውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኖርኩት» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጡሩምባው ተነፋ። ሰው እንደ ልማዱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደየደጁ ወጣ። «ማን ሞተ?» ተባለ።

«ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ ይርዳው። «ዛሬ የምነፋው ለታመመ ነው። እዚያው ደጃችሁ ሁናችሁ ስሙኝ። መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ትርንጎ ትኩሳት ከያዛት ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው። ፈረሰኛው ሲጠይቀኝ እኔም እንደናንተው ደህና ነን አልኩ። እኔ ዘግይቻለሁ፤ እናንተ አትዘግዩ። እድራችን ሰው እስኪሞት መጠበቁ ይብቃው። የታመመ ያለው ለኔ ይንገረኝ፤ እኔ ለሐኪሟ እነግራለሁ። ወረቀት አልይዝም፤ በሽታው ሲያልፍ ነገሩም ይረሳል። የለቅሶ እህላችሁን ለታመመ ቤት ደጁ ላይ አኑሩለት።»

ከዚያ እመት ዘነቡ ከደጃቸው ሳይርቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩ።

«ጋሽ ይርዳው፣ ልጄ ከጎታው ጀርባ ናት። ሁለተኛ ቀኗ ነው።»

«አይዞሽ እህቴ፣ ደርሰሻል» አሏቸው።

ፀሐይ ሳትበረታ መድኃኒቱ ስንዱ ጋ ደረሰ። እስከ ማታ ሠላሳ ሁለት በር ተከፈተ፤ በማግስቱ ስልሳ። ሐኪሟ መድረስ ያቃታት ጊዜ የእድሩ ጎረምሶች መድኃኒቱን እየወሰዱ ደጃፍ ላይ አስቀመጡ። የለቅሶው ድስት ለሕያው ተጣደ፤ ጤነኛው ለታመመው አረሰለት፤ ውሃም ቀዳለት። ማንም አላዘዛቸውም። እኔ ይህን ስተርክ ደረቴን የሚነፋኝ እዚህ ላይ ነው፤ ያ ሕዝብ ራሱን በራሱ አስታመመ።

ወይዘሮ ትርንጎ ግን በስድስተኛው ቀን አረፉ። ጡሩምባውን የሚነፋ ሌላ ሰው አልነበረምና ጋሽ ይርዳው ራሳቸው ነፉት። ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ አለቀሰላቸው። ጨርሶ በሩን ያልከፈተም ነበር፤ ከእነዚያ ቤቶችም ሬሳ ወጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

በወሩ ጡሩምባው ዝም አለ። ንጉሡ ሕዝቡን በአደባባይ ሰብስበው ሲያመሰግኑ ባለጸጋው ቅር ብሎት ተነሣ።

«የኔ ፈረስ ከኚህ ሽማግሌ እግር ይፈጥን ነበር። እኔም ላድናችሁ ነው የመጣሁት። ለምን በራችሁን ዘጋችሁብኝ?»

እመት ዘነቡ ስንዱን ይዘው ከሰው መካከል ወጡ። «ልጄ፣ በሬዬ የሞተ ለት ፈረስህ ፈጥኖ ደርሶ ነበር» አሉት። «የፈራነው ያንን ፍጥነቱን ነው።»

ባለጸጋው «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ።

የመለሱለት ጋሽ ይርዳው ናቸው። «ዛሬ ሁሉም ደህና ነው። ጊዜው አሁን ነው፤ መዝገቡን አቃጥልና እንደገና መልእክት አድርስ። ምናልባት ከአርባ ዓመት በኋላ አንተም ስታንኳኳ ይከፈትልህ ይሆናል።»

እነሆ ትምህርቱ፦ መታመን በችግር ቀን ተፈልጎ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ በደህናው ቀን የሰውን ምሥጢር ጠብቆ የሚገኝ ነው። የሰውን ጓዳ ለገበያ ያወጣ፣ ነፍስ ሊያድን ሲመጣም ገበያተኛ ይመስላል። የሚያሳዝነው የዚህ ጥፋት ዋጋ የሚከፈለው ከጎታው ጀርባ በተኙት መሆኑ ነው። ዛሬም በየኪሳችን ያለ ክፍያ የሚያገለግለን ፈጣን መልእክተኛ አለ፤ ከጀርባውም ከአንድ ከተማ ነጋዴ የገዘፉ ባለጸጎች አሉ። ክፉ ቀን መጥቶ «እንዴት አደራችሁ?» ቢሉን ምን እንደምንመልስ እናውቀዋለን።

እርስዎስ፣ ቤትዎ ሰው ቢታመም እውነቱን የሚነግሩት ለማን ነው? ያ ሰው ዛሬ በሕይወት ካለ፣ ሳይቸግርዎ ሄደው ያመስግኑት።