ፊታውራሪ ተራራ የወጡበት እግር

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ግን ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ። ፊታውራሪ ድልነሳሁ «ተራራውን በእግሬ ወጥቼ ሦስት ቀን ንፁሕ አየር ልቀበል» ብለው አንድ ገበሬ መንገድ እንዲመራቸው አስጠሩ። አልጋቸው፣ ፍራሻቸው፣ ጠጁ ከነጋኑ፣ ሁሉም በአርባ በቅሎ ተጫነ። ከግቢያቸው በር ሳይርቁ ግን «ወይ ጉልበቴን!» አሉና ስምንት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ አናቱ አወጣቸው።

እዚያ ላይ ባለው መንደር፣ ዳገቱን ወጥቶ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠባል። ፊታውራሪም የመንደሩ ሰው ሁሉ እየሰማ ገበሬውን፣ «ና እጠብ! ይህን ዳገት በወጣሁበት እግር ላይ አንዲት ጉድፍ ብትቀር በሬህን እወስዳለሁ» አሉት። ገበሬው ከዚያ በሬ ሌላ የለውም።

ውኃውን ይዞ ፊታውራሪን አለፋቸውና የተሸካሚዎቹን እግር ተራ በተራ ያጥብ ጀመር።

«አንተ! ምን እየሠራህ ነው?»

«ጉድፍ እንዳይቀር ነው፣ ጌታዬ። ስምንት ሰው ስለሆነ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እግሬ እኮ ይኸውልህ!» ብለው ጮኹ።

ይኼኔ በበቅሎ አብረዋቸው የመጡት ሚስታቸው ወይዘሮ ውድነሽ አፋቸው አመለጣቸው፦

«የእርስዎ እግርማ በጭነት ነው የመጣው!»