አመድ ውስጥ የተኛው ገብስ

ደብሪቱ የእህቷን የዘር ገብስ ለበሶ ከታመሰ ገብስ ጋር ደባለቀችው። ሆን ብላ አይደለም፣ ጓዳ ስታሰናዳ ነው። ዛሬ ሰው ሲንቀዠቀዥ የምንወረውራት ተረት አለች፤ እየሳቅን ነው የምንላት። መጀመሪያ የተባለች ቀን ግን የሳቀ አልነበረም።

ጌጤነሽና ደብሪቱ የአንድ እናት ልጆች፣ የቆላ ልጆች ናቸው። ታላቋ ጌጤነሽ ውርጭ ወደማይለየው ደጋ ተዳረች። ታናሿ ደብሪቱ ገበያው ካለበት ከተማ ገብታ ጠላ ቤት ከፈተች። እጇ ፈጣን ነው። ሌላዋ መቀነቷን እስክታጠብቅ እሷ ሠርታ ትጨርሳለች። ምላሷም ከእጇ አያንስም፤ ቀስ ያለች ሴት ስታይ «እጅሽን ለሰው አበድረሽ ነው?» ትላለች።

ግንቦት ላይ፣ ጌጤነሽ ከተኛች ሰነበተች የሚል መልእክት መጣ። ባሏ አባተ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፤ ልጅ የላቸውም። ጎረቤት ውሃ ይቀዳላታል፣ እንጨት ይለቅምላታል፤ ጓዳዋን ግን ማን ይግባላት? ደብሪቱ በማግስቱ ዳገቱን ወጣች። ገና ከደጃፍ ነው የነገረቻት፤ ጥንስስ ጥላ መምጣቷን፣ ከአንድ ቀን በላይ እንደማትቆይ።

ጌጤነሽ መደቡ ላይ ተኝታለች። አጥንቷ ወጥቷል። ደብሪቱ እንባዋ እንዳይቀድማት ሥራ ያዘች። አጥሚት አፍልታ አጠጣቻት፣ ጋቢውን እስከ አንገቷ ጎትታ አለበሰቻትና ጓዳ ገባች።

ጓዳው ትርምስምሱ ወጥቷል። የሌለ ዕቃ የለም፣ ሁሉም ግን ከግማሽ በታች ነው። ደብሪቱ እንዲህ ያለ ጓዳ እንዴት እንደሚቀና ታውቃለች። ሁሉን አውጥቶ ደጅ መደርደር ነው። ባዶውን ማጠብ። ጎዶሎ ጎዶሎውን፣ ዓይነቱን ከዓይነቱ፣ ባንድ መገልበጥ። የዕለት የዕለቱን በር ላይ፣ የበዓሉን ወደ ውስጥ። ጭልፋና ማማሰያውን ግድግዳ ላይ። ሽሮው ከሽሮው ገባ፣ በርበሬው ከበርበሬው። ጆሮው የወለቀ ማሰሮ ወደ ጓሮ ተወረወረ። ገብስ እዚህም እዚያም አገኘችና ሰብስባ አንድ ጎታ ውስጥ ከተተችው።

መጨረሻ ላይ ከጓዳው አፍ፣ ከማገሩ ላይ፣ አንድ ቅል ተንጠልጥሎ አየች። ጥላሸት ጠጥቶ ከሰል መስሏል። አፉ በእበት ተመርጓል። ምርጊቱን ብትሰብረው ውስጡ ገብስ ነው፣ ከአመድ ጋር የተቀየጠ። ሰው ብቻውን ሲቀር እህልና አመዱ ይደባለቅበታል ማለት ነው፣ አለች በልቧ። በእነሱ አገር ዘር ማለት ከነራሱ ጭስ ላይ የሚሰቀል ማሽላ ነው። ገብስን አመድ አልብሶ ከነቀዝ ማስጣል የደጋ ሰው ዘዴ ነው፤ ደብሪቱ አይታ አታውቅም። አመዱን በወንፊት ነፍታ ጓሮ ደፋችው። ገብሱን ጎታው ውስጥ ገለበጠችና ላዩ እንዲስተካከል በእጇ አማሰለችው። ቅሉን አጥባ ፀሐይ ላይ ደፋችው።

ረፋዱ ሳያልፍ ጨረሰች። እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች መጥታ፣ ጓዳሽን ብታዪው አታውቂውም አለቻት። ጌጤነሽ ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ማገሩ ሄደ።

«ቅሉስ?»

«የትኛው?»

«ጥቁሩ።»

«አመድ ገብቶበት ነበር። ነፍቼልሽ ከሌላው ጋር አድርጌዋለሁ።»

ጌጤነሽ ብዙ አልተናገረችም፤ ትንፋሽም አልነበራት። ያለፈው ዓመት ውርጭ የአፋፉን ገብስ ሁሉ ሲያቃጥለው፣ ከአባተ ማሳ አንድ ጥግ ብቻ ቆሞ ቀረ። አባተ ከዚያች ጥግ ዛላ ዛላውን መርጦ ቀጠፈ፣ በመዳፉ አሽቶ ፈለፈለው፣ አመድ ውስጥ አስተኛው። ሳይዘራው ሞተ። እሷም ሞሰቡ ባዶ በሆነ ቀን እንኳ ምርጊቱን አልነካችም። ጎታው ውስጥ ያለው ደግሞ ለበሶ ለብ ለብ የተደረገ ነው። እሳት ያየ ገብስ አይበቅልም።

«ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም ኖሯል?» አለች ደብሪቱ።

«መች ጠየቅሽኝ፣ ደብሬ?» አለች ጌጤነሽ። ቀጥላም፣ ደክመሽልኛል፣ እግዜር ይስጥልሽ አለቻት። ብትረግማት ይሻል ነበር።

ደብሪቱ ሰፌድ አነሳች። ከጎታው ዘግና ደጃፍ፣ ብርሃን ላይ አየችው። አንድ ነው። ምኑም አይለይም። ሰፌዱን ይዛ መደቡ አጠገብ ቁጭ አለች። ጌጤነሽ አንዲት ፍሬ በጣቶቿ ይዛ አሳየቻት፤ ጥሬው ሆዱ ገጥሟል፣ እሳት ያየው ጫፉ ፈንዳ ብሏል። ዓይንን ጠጋ ካላደረጉ አይታይም። ደብሪቱ ቶሎ ቶሎ ትለቅማለች፤ ጌጤነሽ ከለቀመችው ውስጥ ግማሹን በጣቷ እየገፋች ትመልስባታለች። አንዴ ደብሪቱ ተስፋ ቆርጣ ዝም ብላ ብታፈጥበት፣ ጌጤነሽ በዚያ በደከመ ድምፅ «እጅሽን ለሰው አበድረሽ ነው?» አለቻት። ተሳሳቁ። ሳቁ ጌጤነሽን አስሏት ደክማ ተኛች።

በማግስቱ ደብሪቱ አልወረደችም። ወደ ከተማ በሚሄድ ሰው፣ ጥንስሱን ድፉት ብላ ላከች።

የጌጤነሽን መሬት በእኩል የሚያርሱት ጎረቤቷ አያ ሽበሺ ሊጠይቁ ሲገቡ ሁለቱን ሰፌድ ላይ አገኟቸው። ነገሩ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይኸ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፣ ከገበያም ቢሆን ሌላ ዘር ይፈለጋል፣ ተዉት አሉ።

«የእሱን ነው የምፈልገው» አለች ጌጤነሽ። «ልጅ አልተወልኝም። የተወልኝ ይኸን ነው።»



እየለቀሙ ሰነበቱ። የጌጤነሽ እጅ በየቀኑ እየዘገየ ሄደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ደብሪቱ የተጠራጠረችውን ፍሬ ይዛ፣ ይኸስ አለቻት። መልስ አልመጣም። ቀና ብላ አየቻት።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ነው፤ ደብሪቱ ጓዳ በር ላይ ሰፌዷን ታቅፋለች። ሴቶቹ አሟት። የእህቷ አፈር ሳይደርቅ እህል ትሰፍራለች፣ የከተማ ሰው ሆዱ እንዲህ ነው አሉ። ሰማቻቸው። ምላሷ የት እንደሄደ እንጃ፣ አንገቷን አላቀናችም። ሠልስቱ ወጣ፣ ዘመድ ተበተነ፣ እሷ አልሄደችም። አሁን የሚመልስላት ጣት የለም፤ እያንዳንዷን ፍሬ ራሷ ገልብጣ ታያለች። የተጠራጠረችውን ለብቻ ታኖራለች፣ ተመልሳ ደግሞ ታየዋለች።

ሰኔ ዘነበ። የለቀመችው ያን ቅል እንኳ አልሞላም። አያ ሽበሺ በሬያቸውን ጠምደው የማሳውን አንድ ጥግ ብቻ አረሱላት፣ ገብሱን በተኑት፣ መልሰው በማረሻው አለበሱት። ደብሪቱ ጎንበስ ብላ ከኋላ ከኋላቸው ትሄዳለች። ከእርሻው ውጪ ሣር ላይ የተፈናጠረውን ፍሬ፣ አንድ በአንድ እያነሳች ወደ አፈሩ ትመልሳለች።

በመንገዱ የሚያልፉ ገበያተኞች ቆመው አዩ። አንዱ፣ አያ ሽበሺ ይኼ ሁሉ መሬት እያለዎት ጥግ ጥጉን ነው እንዴ የሚጭሩት፣ ያቺስ ሴት ምን ጠፍቷት ነው ሣር የምትዳብሰው ብሎ አሾፈ። ሌሎቹ ሳቁ። አያ ሽበሺ በሬዎቹን አቆሙ። ሊቆጡ ነበር፤ ዘወር ብለው ደብሪቱን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።»